ሰባት በቀኝ ኪስ

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ የውሃ ቆጣሪ አነባለሁ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ የቦክስ ዳኛ ነኝ። ነበርኩ ልበል። ሃያ ሁለት ዓመት ሪንግ ሥር ተቀምጬ ሰው ሰውን ሲደበድብ ነጥብ ሰጥቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ጉቦ በላ ብሎ ጣቱን የቀሰረብኝ ሰው የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የሆነው ሁሉ የሆነው በንጹህ እጅ መሆኑን ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። ንጹህ እጅ ምን ያህል እንደማይጠቅም ለእኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ሦስት ዳኞች በሪንጉ ሦስት ጎን ይቀመጣሉ። አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር እያንዳንዱ ዳኛ ለአሸናፊው አስር፣ ለተሸናፊው ዘጠኝ ይጽፍና ቁራጭ ወረቀቷን ለመሃል ዳኛው ይሰጣል። ወረቀቷ አንዴ ከእጅ ከወጣች ወጣች፤ ኮፒ የላትም። የሚደምረው ሌላ ሰው ስለሆነ ዳኛው ራሱ በመጨረሻ ስንት ለስንት እንደሰጠ በእርግጠኝነት አያውቅም። ወረቀቷ ላይ የቦክሰኞቹ ስምም የለም፤ "ቀይ" እና "ሰማያዊ" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ብቻ አሉ። ቀይ ማለት በቀዩ ማዕዘን የሚቀመጠው፣ ሰማያዊ ማለት በሰማያዊው ማዕዘን የሚቀመጠው ነው።

ደወል ሲደወል አዳራሹ በጩኸት ይናጋል። ከጀርባህ አንዱ ጨረሰው ሲል ሌላው አልነካውም ይላል፤ አንተ በዓይንህ ያየኸው በሰው አፍ ይጠፋብሃል። ለዚህ መላውን ያሳየኝ ዳኝነት ያስተማረኝ ሽማግሌ ነበር። አሥር አዝራሮች በደረት ኪስህ ይዘህ ትገባለህ። ደወሉ እንደተመታ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ዙሩን ያሸነፈው ሰው ወደ የትኛው ወንበር እንደሚሄድ በዓይንህ ትከተለዋለህ። ወንበሩ በቀኝህ ከሆነ አንዷን አዝራር ቀኝ ኪስህ፣ በግራህ ከሆነ ግራ ኪስህ ትከታለህ። ከዚያ በኋላ ነው የምትጽፈው። እኔ አዝራሮቹን ቆጥሬ አላውቅም። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ሚስቴ ከሱሪዬ ኪስ ትለቅማቸውና ወደ ቆርቆሮዋ ትመልሳቸዋለች።

ነገሩ በሆነበት እሁድ በቀኜ፣ በቀዩ ማዕዘን የተቀመጠው፣ ሰዉ ሁሉ በያጁ የሚለው ቦክሰኛ ነበር። ሥራው ብየዳ ነው፤ የአዳራሹን የብረት በር ራሱ ነው የበየደው። ዕድሜው ሠላሳ አምስት ነው፣ ለዚህ ስፖርት ጃጅቷል ማለት ነው። በግራዬ ረጅሙ የሚሉት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ ነጭ ቁምጣ የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ። ሰባተኛው ዙር ሲያልቅ የበያጁ ቀይ ቁምጣ ከወገቡ እስከ ጭኑ ተተረተረ። አሰልጣኙ በፎጣ ከልሎ ሌላ ቁምጣ አለበሰው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዙሮች በያጁ ልጁን መግቢያ መውጫ አሳጣው።

አስተዋዋቂው ውጤቱን አነበበ። አንደኛው ዳኛ ዘጠና ስድስት ለዘጠና አራት፣ ለቀይ። ይሄ የኔ ነው አልኩ በሆዴ። ሁለተኛው ዘጠና ስድስት ለዘጠና አራት፣ ለሰማያዊ። ሦስተኛውም እንደዚያው፣ ለሰማያዊ። የልጁ እጅ ወደ ላይ ተነሣ፤ ራሱም ደንግጦ ዙሪያውን ያይ ነበር። ጠርሙስ ይወረወር ጀመር። ሌቦች፣ ሌቦች ይላል ሰዉ።

የኔንም ደም አፈላው። በጓሮ በር ስንወጣ ሁለቱን ባልደረቦቼን ሙልጭ አድርጌ ሰደብኳቸው። አንደኛው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ "እኔ ለቀይ ነው የሰጠሁት፣ ልጆቼን" ብሎ ማለልኝ። ቀጣፊ አልኩት። እሱም ዝም አለኝ፤ ዝምታውን እንደ ጥፋተኛ ሰው ዝምታ ቆጠርኩት። ያን ሳምንት ቆጣሪ ላነብ በገባሁበት ግቢ ሁሉ ስፖርቱን የገደሉት እነሱ ናቸው እያልኩ አወራሁ።

ማክሰኞ ሚስቴ ልብስ ልታጥብ ሱሪዬን ፈተሸች።

"ቀኝ ሰባት፣ ግራ ሦስት" አለችኝ። "አንዱን ወገን ክፉኛ ጨክነህበታል።"

"አቀላቅለሽው ነው። የኔ ስድስት ለአራት ነው።"

"አዝራር እኮ ነው ሰውዬ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቆጠርኩት ምን መሰለህ?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ቢሆንም ሰባት ለሦስት የሚለው ከራሴ አልወጣም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የበያጁ ሚስት መጣች። የሚስቴ መስፊያ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ ከእኛ ማጀት የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ምሳዬን እበላለሁ። ሴትዮዋ የተተረተረውን ቀይ ቁምጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታደርገው በቀዳዳው አየሁ።

"ለመልሱ ግጥሚያ ነው እትዬ። ከወር በኋላ ነው" አለች።

"ምነው፣ ያን ቀን በኋላ የለበሰው ደህና አልነበረም?"

"ሰማያዊዋን? እሷማ የአሰልጣኙ ናት። ገደ ቢስ ናት፣ ሁለተኛ አልለብሳትም አለ።"

 ሰማያዊ። ሰባት ዙር ሙሉ ቀይ ቁምጣ እያየሁ የበያጁን ነጥብ ቀይ ዓምድ ላይ ጻፍኩ፤ ከሰባቱ አራቱን እሱ፣ ሦስቱን ልጁ አሸንፎ ነበር። ስምንተኛው ላይ ሰማያዊ ቁምጣ የለበሰው ሰው አሸነፈ፤ እጄ ሰማያዊ ዓምድ ላይ አስር ጻፈ። ዘጠነኛው ላይም፣ አስረኛው ላይም። አዝራሮቹ የሄዱት ወንበሩን ተከትለው ነው፣ አልተሳሳቱም። እጄ የሄደው ቀለሙን ተከትሎ ነው። ያ ለሰማያዊ የተሰጠ ዘጠና ስድስት የኔ ነው። ፀጉር አስተካካዩ እውነቱን ነበር።

ሴትዮዋ አላቆመችም።

"ግራ ዓይኑ ታሟል እትዬ። ሐኪሙ ውስጡ ያለው ሽፋን ሊላቀቅ ነው፣ ሌላ ምት ካገኘው ማየት አበቃ ብሎታል። ለማንም አልተናገርንም፤ ከተሰማ ይከለክሉታል ብሎ አስምሎኛል።"

"ታዲያ አንቺስ ለምን ዝም ትያለሽ?"

"ምን ላድርግ? አሸንፌ አቆማለሁ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ተዘርፌያለሁ እያለ ይናደድ ነበር፤ ያ ይሻል ነበር። አሁን ደግሞ ቁጭ ብሎ፣ ከሦስት ሰው ሁለቱ ካሉ በእውነትም ተሸንፌ ይሆናል ይላል። ይህን ሳያጣራ አይተወውም። ከሁለቱ አንዱ መጥቶ ተሳስቻለሁ ቢለው፣ እመብርሃንን፣ ዛሬውኑ ጓንቱን ይሰቅል ነበር።"

በእኔና በእሷ መካከል የነበረው አንድ ክንድ ጨርቅ ነው። ገልጬ መውጣት ነበረብኝ። እጄን ዘርግቼም ነበር። ግን ቀጣፊ ብዬ የሰደብኩት ሰው ፊት መጣብኝ፣ ሌቦች የሚለው ጩኸት መጣብኝ፤ እጄን መለስኩት። ሴትዮዋ ሄደች።

ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ቁምጣውን እንደያዘች ሰማችኝና፣ "ተነሥና ድረስባት፤ ገና ከመንገዱ አልታጠፈችም" አለችኝ።

"በደንቡ ይሁን" አልኩ። "መጀመሪያ ለፌዴሬሽኑ ላመልክት። ውጤቱ ሲሰረዝለት ያኔ በወረቀት ይነገረዋል።"

እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ሰው ቆጣሪዬ ተሳስቷል ብሎ ሲያለቅስብኝ ማመልከቻ ጻፍ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ላይ የሌለ ነገር ለእኔ የለም። ሚስቴ አየችኝና መርፌዋ ውስጥ ክር አስገባች።

በማግስቱ የፌዴሬሽኑ ሰብሳቢ ቢሮ ገባሁ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረዳሁት፤ አዝራሮቹንም ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

"ቪዲዮውን አይተህ ነው ሐሳብህን የቀየርከው?" አለኝ።

"ሐሳቤ አልተቀየረም። እጄ ነው የተሳሳተው።"

"ማስረጃህስ?"

"እነዚህ ናቸው።"

አዝራሮቹን በብዕሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። "አዝራር መሰከረ ብዬ ኮሚቴ ፊት ልቁም? ደንቡን ታውቃለህ። ውጤት የሚሻረው ደማሪው ሲደምር ከተሳሳተ ወይም ዳኛው ጉቦ ከበላ ነው። ጉቦ በልተሃል?"

"አልበላሁም።"

"ችግሩ እሱ ነው። በልተህ ቢሆን ይቀለን ነበር።"

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም። ክፉ ሰው አይደለም። አንዱን ውጤት ከከፈትን የሃያ ዓመት ተሸናፊ ሁሉ ነገ በዚህ በር ይሰለፋል አለኝ። የመልሱ ትኬት ወጥቷል፣ ሰዉ ተቆጥቷል፣ በተቆጣ ጊዜ ደግሞ አዳራሹ ይሞላል አለኝ። "ለማንኛውም ማመልከቻ ጻፍ፣ ኮሚቴው ይየዋል። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል። ስለሰጠው ነጥብ ውጭ ያወራ ዳኛ ዕድሜ ልኩን ነው የሚታገደው።"

ስለ ዓይኑ አልነገርኩትም። ሴትዮዋ በምስጢር ያለችውን በመጋረጃ ሰምቼ እንዴት እናገራለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ማመልከቻውን በሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ ማኅተም የተመታበት ደረሰኝ ተቀበልኩና ደረሰኙን እንደ መድኃኒት ኪሴ ይዤ ዞርኩ።

አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት አለፈ። መልስ የለም። ጠዋት ጠዋት ላይ ታች እያልኩ ጸሐፊዋን አሰለቸኋት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ተቀምጬ ጉቦ በልቻለሁ ብዬ ጻፍኩ። በንጹህ እጅ የተበላሸው በቆሻሻ እጅ የሚስተካከል ከሆነ ይሁን፣ ልታሰር አልኩ። ሚስቴ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

"ማን ሰጠኝ ልትል ነው?"

ብዕሬ ቆመ። የምጠራው ስም ያ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው፤ ሌላ የለም።

"አንዱን ለማዳን ሌላውን ልትገድል ነው?" አለች። "ምን አደከመህ? እውነቱን ለባለቤቱ ሄደህ ንገረው። ሁለት መንገድ ተሻግረህ እኮ ነው ቤቱ።"

ወረቀቱን ቀደድኩት። ሄጄ ግን አልነገርኩትም።

በሥራዬ የስልጠና አዳራሹንም ቆጣሪ አነባለሁ። ድሮ ለልጆች መቆሚያ የማይበቃው አዳራሽ ግማሹ ባዶ ሆኗል። ወላጆች ልፋቱ ለሌባ ነው እያሉ ልጆቻቸውን አስወጥተዋል። አሰልጣኙ የቀሩትን፣ "መከላከል፣ ነጥብ መልቀም የሚባል ነገር እርሱት። ዳኛ አትመኑ። በዝረራ ጨርሱ" ይላቸዋል። ስንት ዓመት እጃችሁን ወደ ፊታችሁ መልሱ ሲል የኖረ ሰው ነው። በያጁ እዚያው ጥግ ላይ ከረጢት ይመታል፤ ፊቱን ሳይከልል፣ ሁለት እጁን እንደ መዶሻ እየወረወረ። ቁጥሩን ሳልጽፍ ወጣሁና ከበሩ ተመለስኩ፤ ምን ላነብ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ ነበር።

ከዚያ የራሱ ቤት ተራ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ሥር ፊቱን ይታጠብ ነበር። በግራው በኩል ስለመጣሁ አላየኝም፤ ድምፄን ሲሰማ ጭንቅላቱን ሙሉ አዙሮ ነው ያየኝ።

"ጋሼ፣ ግቡ፣ ግቡ" አለኝ። ቆጣሪው ላይ የተደረደረውን ብረት ራሱ አነሣልኝ። አጎንብሼ ቁጥሩን ስጽፍ አጠገቤ ቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቀየሙኝ" አለ። "ያን ቀን እርስዎ ለማን ነበር የሰጡት? ለእሱም ቢሆን አልቀየምም። እኔ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።"

የሁለት ሳምንት ደረሰኝ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። አዝራሮቹም እዚያው ነበሩ። ፀጉሩ ላይ ያለው ውሃ ሲንጠባጠብ ዛሬም ይታየኛል። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ደንቡ አይፈቅድም" አልኩት።

"ልክ ነው" አለ። "ልክ ነው ጋሼ፣ ይቅርታ። ስንት ቆጠረ?"

"አሥራ አራት።"

ከግቢው ስወጣ የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ።

የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ የደረሰኝ በግጥሚያው ዕለት እሁድ ከሰዓት ነው። ሁለት መስመር ነው። ጥያቄው በደንቡ መሠረት ተቀባይነት አላገኘም፤ አመልካቹም ከዳኝነት ታግደዋል፣ ወደ ውድድር ስፍራ እንዳይገቡ። አንብቤ ስጨርስ ሚስቴ ጫማዬን ይዛ ከፊቴ ቆማ ነበር። ሮጥኩ። በስልሳ ዓመቴ ሮጥኩ። ቤቱ ዝግ ነው። ጎረቤቲቱ ከረፋዱ ጀምሮ አዳራሽ ናቸው አለችኝ።

አዳራሹ በር ላይ ያለው ጥበቃ የማውቀው ሰው ነው፤ ስንት ዓመት ሰላም ተባብለናል።

"ጋሼ፣ ስምዎ ተለጥፏል። እንጀራዬን አያሳጡኝ።"

"ለአንድ ደቂቃ ነው። መልበሻ ክፍል አንድ ቃል ተናግሬ ልውጣ።"

"አልችልም።"

"እሺ አንተ ንገረው። ዳኛው ተሳስቻለሁ፣ አሸንፈሃል ብሎሃል በለው።"

ያዘነልኝ ይመስላል። "አሁን እኮ ሪንግ ላይ ወጡ" አለኝ።

በያጁ የበየደው የብረት በር ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል። ግንባሬን ብረቱ ላይ አድርጌ አሥሩንም ዙር ሰማሁ። ሰዉ ጨርሰው፣ ጨርሰው ይላል። ለነጥብ ሳይሆን ለዝረራ እንደገባ፣ አንድ ለመምታት ሦስት እየተቀበለ እንደሆነ ሳላየው ገባኝ። ደወል በተደወለ ቁጥር እጄ በራሱ ወደ ኪሴ ይሄዳል። በመጨረሻ አስተዋዋቂው አነበበ፤ ሦስቱም ዳኞች ለቀይ፣ ለበያጁ። አዳራሹ በደስታ ተናወጠ፤ ጥበቃው አቀፈኝ። እኔም ጅሉ ተመስገን አልኩ። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አለቀስኩ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣችው ሚስቱ ናት። ክንዱን ይዛዋለች። ሰዉ ትከሻውን ይመታዋል፣ ስሙን ይጠራል፤ እሱ ፈገግ እያለ ሰላምታውን ሰው ወደሌለበት ይሰጣል። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ቀስ ብላ አንድ አለችው። ቀጥላ ሁለት አለችው። ቀኝ ዓይኑም አብጦ ተከድኖ ነበር። የቀኙ በሳምንቱ ተከፈተ። የግራው ግን ጨልሞ ቀረ።

በሦስተኛው ሳምንት ሄድኩ። ልብሴን ቀይሬ፣ አዝራሮቹን ይዤ ሄድኩ። ግራ ዓይኑ ላይ ነጭ ሻሽ አለ። የብየዳ መሣሪያዎቹ ግድግዳው ጥግ ተሰብስበው ሸራ ለብሰዋል። በአንድ ዓይን ብየዳ የሚያሠራው አላገኘም። ሚስቱ ወንበር ሰጥታኝ በሩ ላይ ቆመች።

ሁሉንም ነገርኩት። ቁምጣውን፣ ዓምዱን፣ እጄን። ነግሬው ስጨርስ ሰባቱን አዝራር በመዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሦስቱን እኔ ያዝኩ። በጣቶቹ ይቆጥራቸው ጀመር። አንዷ አምልጣ በግራው በኩል ከወንበሩ እግር አጠገብ ወደቀች። ድምፁን ሰምቶ ጎንበስ አለና በእጁ ወለሉን ዳሰሰ፤ ከጣቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብላ ተቀምጣለች፣ ወዲያ ይዳስሳል። አንሥቼ መዳፉ ላይ መለስኳት።

"ሰባት" አለ።

"ሰባት።"

"እና ያን ጊዜ አሸንፌ ነበር።"

"አሸንፈህ ነበር።"

 ከዚያ ደህናውን ዓይኑን ወደ እኔ ለማምጣት ፊቱን ሙሉ አዞረ።

"ቆጣሪ ሊያነቡ የመጡ ዕለት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ፣ አንገቴን ቢይዘኝ ደስ ባለኝ። አዝራሮቹን አንድ በአንድ መዳፌ ላይ መለሰልኝ። "የሚስትዎ ናቸው፣ ይፈልጓቸዋል" አለ። "እኔ እኮ ጋሼ ወረቀት አልጠየቅኩዎትም ነበር።"

ሚስቱ በሩን ከፈተችልኝ። ግቢው ውስጥ በቆጣሪው አጠገብ አለፍኩ። ብረቱን ማንም አልመለሰበትም፤ ያን ቀን ለእኔ ብሎ ያነሣው እንዳነሣው ነበር።